ያልቆጠርኩት ቆርቆሮ

እናቴ በየጠዋቱ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ አንዲት ነጭ ኪኒን ትውጥ ነበር። ኪኒኗ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ስለ እሷ ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ሥራዬ ማስተማር ነውና ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም።

አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች። ታይሮይድ ትባላለች። ሥራዋ ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ መወሰን ነው። ተማሪዎቼን፣ “እንደ ምድጃ አስቧት። እሳቱ ሲበዛ ድስቱ ይገነፍላል፤ ሲያንስ ወጡ አይበስልም፤ ከጠፋ ደግሞ ቤቱ ይቀዘቅዛል” እላቸዋለሁ። ይህች ዕጢ ስታብጥ እንቅርት እንላታለን። በጅማና በዙሪያዋ እንቅርት ያለባት ሴት ማየት ብርቅ አይደለም። ፀሐይ በጠራራበት ገበያ ሻርፗን እስከ አገጯ ጠምጥማ የምትሄድ ሴት ካየን፣ ብርድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እናቴ እንቅርቷን ሃያ ዓመት ያህል ተሸክማዋለች። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከሸዋ ወደ ጅማ ሲዛወር አብራው መጣች፤ እኔን እዚህ ወለደች፤ እንቅርቱም ከእኔ በኋላ ወጣ። አባቴ ከሞተ በኋላ ጅሬን ዳገቱ ላይ ባለችው ቤታችን ሁለት ሆነን ቀረን። ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ ግን እንቅርቱ ስትተኛ ትንፋሽ ይከለክላት ጀመር። ሐኪሞች መርምረው መውጣት አለበት አሉ፤ ዕጢዋን በሙሉ አወጡላት። ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን ወጣቱ ሐኪም አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አላት።

“ዕጢዋ ከእንግዲህ የለችም። የእሷን ሥራ የምትሠራልዎ ይህች ኪኒን ናት። በየቀኑ አንድ፣ ዕድሜ ልክዎን። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢያቋርጡ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። ወራት ሲቆጠር ግን ሰውነትዎ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ ይቆማል።”

“ዕድሜ ልክ ፈረድክብኝ በለኛ!” አለች እናቴ። “ይግባኝም የለው?”

“የለውም፣ እናቴ” አለ ሐኪሙ።

“እንግዲያው ጠባቂዬ ይኸው” ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የተሰጠኝን ሥራ ከልቤ ነበር የተቀበልኩት።

በቀጣዩ መስከረም ሰርቦ ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ሰርቦ ከጅማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የሥራ ቀናቱን እዚያው በተከራየሁት ክፍል እያደርኩ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት እመለስ ነበር። የመጀመሪያ ደሞዜን እንደተቀበልኩ አንድ ደብተር ገዛሁና በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርኩበት፦ ኪኒኑ የተገኘበት ቀን፣ ስንት ፍሬ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ፍለጋ የሚጀመርበት ቀን። በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ በዓምድ ከተከፈለ ይፈታል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

ኪኒኖቹ የሚቀመጡት ግን በእናቴ አሮጌ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። አንድ ዓርብ ደብተሬን ከቆርቆሮው ጋር ላስተያይ ክዳኑን ስከፍት እጄን መታችኝ።

“ተው! የቤት ነገር አይቆጠርም።”

“እማዬ፣ እህል እኮ አይደለም። መድኃኒት ነው።”

“መድኃኒትስ እግዜር የሰጠው አይደለም? ደብተርህ ላይ የፈለግከውን ጻፍ። ቆርቆሮዬን ግን አትቁጠርብኝ።”

ይህ የእሷ ብቻ ልማድ አይደለም። ከእሷ አገር የመጡት ሴቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ዱቄቱን ከዕቃው በዓይናቸው ገምተው ይዝቃሉ እንጂ ስንት ቀረ ብለው አይሰፍሩም፤ ዶሮዋ የታቀፈችውን ዕንቁላል አይቆጥሩም። የተቆጠረ ነገር በረከቱ ይሸሻል። ሳይቆጠር ከታሰበለት ቀን አልፎ ከቆየ ደግሞ፣ እንዴት ቆየ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ተመስገን ይባላል፣ ያልፋል። እኔ በዚህ ነገር ስቄ ተውኩት። ደብተሬ አለኝ፤ የቆርቆሮው ሒሳብ እዚያው ላይ አለ፤ ምን አጣላን?

ታኅሣሥ ላይ ኪኒኗ ከጅማ ጠፋች።

አንዱን መድኃኒት ቤት ብጠይቅ የለም፤ ሁለተኛውም የለም። ሦስተኛው ጋ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ልጅ ማዘዣውን ገልብጣ አየችና መለሰችልኝ። “ከውጭ የሚገባ ነው። ምንዛሪ የለም ይላሉ። የሚወስደውም ሰው ጥቂት ስለሆነ አስመጪዎቹ አይጣደፉለትም። አዲስ አበባ ሰው የለህም?”

ነበረኝ። ከሰፈራችን የጅማ አዲስ አበባን አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ነበር። እናቴ ልጆቹ ሲታመሙ አስታማለታለች፤ “እማማ” ይላታል። አውቶቡሱ ሰርቦ ሲቆም መንገድ ዳር ጠብቄ የማዘዣውን ቅጂ በመስኮት አቀበልኩት።

“ማሎ፣ እባክህ መምህሬ!” አለኝ ወረቀቱን እያየ። “ጫት ብታዝዘኝ ኖሮ እኮ በየፌርማታው አገኝልህ ነበር።”

“የእማማ ነው።”

“የእሷማ ከሆነ ወላሂ አውቶቡሱን ሸጬም ቢሆን አመጣለሁ።”

“አውቶቡሱ መቼ ያንተ ሆነና?”

“ለዚያ አይደል የማልሰስተው!”

አንድ ጊዜ ሠላሳ ፍሬ ይዞ መጣ። አንድ ጊዜ ጉልበቷ ግማሽ የሆነችውን አመጣ፤ ሁለት ሁለት እያደረገች ዋጠችው። አንድ ጊዜ ደግሞ ሳይቆም በመስኮት እጁን አወዛውዞልኝ አለፈ፤ የለም ማለቱ ነበር። ያን ቀን ክፍል ገብቼ ስለ ተክል ሥር ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፍኩ አላስታውስም።

የገና ዕለት ለእናቴ አንድ ነገር ነገርኳት። ለዲግሪ የክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ዕድል አግኝቼ ነበር፤ ዘንድሮ ግን አልሄድም አልኳት።

“ለምን?”

“ሁለት ወር ሙሉ ማን መድኃኒት ይፈልግልሻል?”

አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰች። “ድሮ እንቅርቴ አንገቴን ብቻ ነበር የያዘኝ፤ አሁን ያንተን እግር ያዘ” አለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው ነው ብላ ልትስቅ ሞከረች። እኔ ነገሩን በዚያው ረሳሁት። እሷ አልረሳችውም።

ጥር መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን አዘጋጀ። የሳይንስ ክበቡ ኃላፊ እኔ ነበርኩና ስለ እንቅርት ላስተምር አሰብኩ። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ቁንጥር ጨው በወረቀት ጠቅልለው እንዲያመጡ አዘዝኩ። ከጤና ጣቢያ በተሰጠኝ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ነበር፤ ጨው ላይ ጠብ ሲደረግ፣ አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ካለበት ጨው ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ከሌለበት እንደነጣ ይቀራል። ያ ንጥረ ነገር ሲጎድል ነው ዕጢዋ የምታብጠው።

እናቴ ልታየኝ መጣች። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ ከጎረቤታችን ጋር ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጎረቤታችን አጥራችን የሚያገናኘን፣ የልብስ ሰፊ ሚስት የሆነች፣ የጅማ ሙስሊም ሴት ናት፤ እኔ “እትዬ” እላታለሁ፤ ከእናቴ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ እሳት ተጫጭረዋል።

በሰው ፊት ጠብታውን ጨመርኩ። ከጆንያ የተዘገነው ጨው ሁሉ እንደነጣ ቀረ። በጥቅል የሚሸጠው ላይ ስጨምር ወይን ጠጅ ሆነ፤ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። በኦሮምኛ በደንብ አድርጌ አስረዳሁ፦ ይህ ጨው እንቅርት ገና ያልያዛቸውን ልጆች እንደሚጠብቅ፣ የያዛቸው ግን ሐኪም ጋ መሄድ እንዳለባቸው። ከዚያ በአማርኛ ደገምኩት። አማርኛ ብቻ የሚሰሙ ሰዎች በግቢው ውስጥ ከአምስት አይበልጡም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የደገምኩት ለእናቴ ነው። ሰዓቱ አልፎ ነበርና አሳጠርኩት።

“ባጭሩ፣ እንቅርት የጨው ጉዳይ ነው። ይህ ጨው የገባበት ቤት መድኃኒት አያስፈልገውም።”

ዓረፍተ ነገሩ አማረኝ። እንደገና ተጨበጨበ። እናቴ ከሁሉም አስበልጣ አጨበጨበች፤ አጠገቧ ያሉትን ሴቶች፣ “ልጄ ነው” ስትል ከመድረክ ላይ ሆኜ ከንፈሯን አነበብኩ። ወደ ጅማ ሲመለሱ ከሰርቦ ሱቅ ሦስት ጥቅል ጨው ገዛች።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ በቤታችን ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው ወጡ ነው፤ አፍ ያቃጥላል። “እማዬ፣ ባሕር ነው እንዴ የቀዳሽልን?” ስላት ትስቃለች። ሁለተኛው ቡናዋ ነው። የጅማ ሰው ቡና በጨው መጠጣት ይወዳል። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ፣ “ቡና ነው ወይስ ሾርባ?” እያለች ስታፌዝባቸው የኖረች ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ እናቴ ጨውዋን ከመቀነቷ ፈታ ሲኒዋ ላይ ነሰነሰች።

“አልሐምዱሊላህ!” ብላ ጮኸች እትዬ። “አሁን ገና የጅማ ሰው ሆንሽ! ሃያ ዓመት ስትሰድቢን ኖረሽ!”

“ልጄ አስተምሮኝ ነው” አለች እናቴ።

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ በትምህርቴ ፍሬ ኮራሁ።

ኪኒኑን ስጠይቃት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነበር። “አለኝ። አትልፋ።” እኔ ግን ደብተሬን እንጂ እሷን አላምንም ነበር። በደብተሬ መሠረት ኪኒኑ መጋቢት አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ የካቲት መጨረሻ ላይ ፍለጋ መጀመር አለበት። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመጨረሻ፣ “አሰንዳቦ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መድኃኒት ቤት አላቸው፤ ድሮ ይህን ይይዙ ነበር ብለውኛል፤ ሞክር” አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አሰንዳቦ ሄድኩ። መድኃኒት ቤቱ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በአንድ ጎማ ጠጋኝና በአንድ ምግብ ቤት መካከል የተሰካች ጠባብ ክፍል ናት። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ማዘዣዬን በእጃቸው አራቁት።

“ይህን ካየሁ ስድስት ወር ሆነኝ።”

“አንድም የለዎትም?”

“ለሽያጭ የለኝም።” መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። “ለማን ነው?”

“ለእናቴ። ዕጢዋ በሙሉ ወጥቷል።”

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ። “ነይማ እስቲ!” ሻርፗን አንገቷ ላይ የጠመጠመች ሴትዮ ወጣች፤ ባለቤታቸው ናት። አንገቷ ላይ ልክ እንደ እናቴ ያለ ቀጭን ጠባሳ አየሁ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ነገሯት። ሴትዮዋ እኔን ላፍታ አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

“ሃያ ነው” አለችኝ።

“እርስዎስ?”

“ለእኔ ትንሽ ቀርቶኛል። አላህ ያውቃል።” ወረቀቱን መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አጠፈችልኝ። “እናትህ በጠዋት ስትነሳ ይበርዳታል? እኔ ሳልወስድ የዋልኩ ለት እንደ ድንጋይ ነው የምከብደው።”

“አይ፣ እሷ አታቋርጥም” አልኳት። “እኔ እከታተላታለሁ።”

“ጋሪዳ፤ ጥሩ አደረግክ። እንዲያ ነው።”

ዋጋ ልከፍል ብል ሽማግሌው አልተቀበሉኝም። ወደ ጅማ ስመለስ ያቺን ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር በእጄ እደግፋት ነበር። እናቴ ወረቀቱን ስትቀበለኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። “የሰው ሴት ከአፏ ነጥቃ ሰጠችኝ?” አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። “ተመስገን። ይህችስ በረከት ናት፤ አይነኳትም።” ለምን አይነኳትም እንዳለች ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

አሁን ደግሞ በሥርዓት ልናገር፤ የሕመሙ ምልክቶች እነዚህ ናቸውና። ሰውየው ይበርደዋል። ድምፁ ይጎረንናል። ፊቱ፣ በተለይ ዓይኑ ሥር፣ ያብጣል። ቆዳው ይደርቃል። ቀስ ይላል፤ ይረሳል፤ ይተኛል። ይህን ዝርዝር በቃሌ አውቀው ነበር። በዚያ ሁዳዴ እናቴ ጋቢ ደርባ ትቀመጥ ጀመር፤ የበልግ ዝናብ ነው አልኩ። ድምፅዋ ወፍራም ሆነ፤ ጉንፋን ነው አልኩ። ከደጃፉ እስከ አጥሩ ስትሄድ ሁለቴ ታርፋለች፤ ጾሙ ነው አልኩ። አንድ ጥያቄ ጠይቄያት መልሱ ሲመጣ እኔ ጥያቄውን ረስቼው እገኛለሁ፤ ዕድሜ ነው አልኩ። ለአንድ ምልክት አንድ ማብራሪያ ነበረኝ። ማብራሪያ አጥቼ አላውቅም።

ሃያዎቹን ጨምሬ ያሰላሁት የደብተሬ ቀን፣ መጋቢት ማለቂያ፣ አለፈ። በሒሳቡ ቆርቆሮው ባዶ መሆን ነበረበት። ሾፌሩ ከፋሲካ በኋላ ሠላሳ ፍሬ እስኪያመጣ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ክፍተት ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በየዓርቡ እየገባሁ፣ “አለቀ?” እላታለሁ።

“አለኝ።”

“እንዴት ይኖርሻል? በእኔ ሒሳብ እኮ...”

“እግዜር ሲያበረክተው ነዋ። ተመስገን አይባልም?”

“ተመስገን” አልኳት።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በቀን አንድ የሚዋጥ ነገር እንደማይበረክት አውቃለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር። ክዳኑን ለመክፈት ሁለት ጣት ይበቃኝ ነበር፤ አልከፈትኩትም። የእናቴን ልማድ አከበርኩ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ግንቦት መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ነበረች።

“ልጄ፣ ና፤ ማሎ ና። እናትህን ብቀሰቅሳት ብቀሰቅሳት... ዓይኗን ትገልጣለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ገላዋ በረዶ ነው።”

ጠመኔውን እንደያዝኩ ነበር ሚኒባስ የገባሁት። ሆስፒታል ስደርስ እትዬና ባሏ በባጃጅ አድርሰዋታል። ያየቻት ሐኪም የአንገቷን ጠባሳ ስታይ ቀና ብላ ጠየቀችን።

“ኪኒኗን የሚከታተላት ማነው?”

“እኔ” አልኩ። “አንድ ቀን አላቋረጠችም።” ደብተሬን አውጥቼ ሰጠኋት።

ገጾቹን አገላበጠቻቸው። “በጣም ጥሩ መዝገብ ነው” አለችኝ፤ እየቀለደች አልነበረም። “ግን እንዲህ የሆነ ሰው ኪኒኑን እየወሰደ አይደለም። ቤት ያለውን መድኃኒት አምጣልኝ፤ ምን እየዋጠች እንደነበር ልይ።”

እትዬ ሄዳ ቆርቆሮውን አመጣችው። ኮሪደር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። እስከ አፉ ሙሉ ነበር። የሾፌሩ ፖስታ እንደታሸገ፤ የአሰንዳቦዋ ሴት ወረቀት እንደተጠቀለለ። አግዳሚ ወንበር ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩ፤ ዘጠና አራት። ደብተሬን ዘርግቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከጥር መጨረሻ ወዲህ ያመጣሁት ሁሉ፣ ያን ጊዜ ተርፎ ከነበረው ጋር፣ አንድም ሳይጎድል እዚያው ነበር።

እናቴ ማውራት የቻለችው በስድስተኛው ቀን ነው። ቃላቱ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚሳብ ባልዲ እየከበዱ ይወጡ ነበር።

“እማዬ፣ ለምን ተውሽው?”

“አንተው ተናገርክ እኮ።”

“ምን ብዬ?”

“ሰርቦ። በሰው ፊት። ያ ጨው ካለ መድኃኒት አያስፈልግም አልክ።” አረፍ አለች። “ለፋሲካ ልነግርህ ነበር። ይኸው ያለ ኪኒን ደህና ነኝ፤ ሂድና ተማር፣ ልልህ። ከዚያ... ረሳሁት። ፋሲካን ራሱን ረሳሁት መሰለኝ።”

“ሳመጣልሽስ? ለምን አላስቆምሽኝም?”

“ከነገርኩህ ትከለክለኛለህ። አንተ ፈሪ ነህ። የምታውቀውን ነገር እንኳ ትፈራለህ።”

እኔም አስረዳኋት። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ጨው ለምድጃ እንደ እንጨት ነው አልኳት። ለእነዚያ ልጆች ምድጃቸው አለ፤ የጎደላቸው እንጨት ነው። ያንቺ ምድጃ ግን ራሱ ወጥቶልሻል፤ ምድጃ በሌለበት እንጨት ቢቆለል ቤት አይሞቅም፤ ኪኒኗ ናት እሳትሽ። ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ አስረዳኋት። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ሰማችኝ።

“ያን ቀን እንዲህ ብለህ ቢሆን ይገባኝ ነበር” አለች።

ወቀሳ አልነበረም። ፈተናው ካለፈ በኋላ መልሱ የገባው ጎበዝ ተማሪ እንዲህ ነው የሚናገረው።

“አጥፍቼ ነው እንግዲህ?”

“አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።”

“ኧረ አንተማ!” አለችና ያበጠው ፊቷ ሊስቅ ሞከረ። “ሰው ሁሉ አጨበጨበልህ እኮ።”

ኪኒኗን በሐኪም እጅ፣ ጥቂት በጥቂት፣ እንደገና ጀመረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤት ገባች። የፊቷ እብጠት መጉደል፣ ድምፅዋም መመለስ ጀምሮ ነበር። ልቧ ግን በእነዚያ ወራት ብዙ ደክሞ ነበር፤ ሐኪሟ ይህን አልደበቀችኝም። ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ አንድ ከሰዓት፣ “ትራሴን ከፍ አድርግልኝ” አለችኝ። አደረግኩላት። አመሰግናለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ አላለችም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የእድራችን ዳኛ፣ ድምፃቸው የሚሰማ ሽማግሌ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እናንተ ሰዎች፣ ሞት የሁላችንም ነው። እንደ እሷ የተጦረ ግን ማነው? ይህ ልጅ ለእናቱ መድኃኒት ፍለጋ ያልረገጠው አገር የለም። አሰንዳቦ ወርዶ ለምኖ አምጥቷል። አዲስ አበባ ልኮ አስመጥቷል። በመድኃኒት እጦት አልሞተችም፤ ቀኗ ደርሶ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ለሁላችሁም ይስጣችሁ!”

“አሜን!” አለ ድንኳኑ ሁሉ።

ሰው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ልክ አይደለም ልል፣ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ላስረዳ፣ ተነሣሁ። ከጎኔ የነበረችው እትዬ የኮቴን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ።

“የት ነው?” አለችኝ በሹክሹክታ።

“እውነቱን ልንገራቸው።”

“ምን ብለህ? ጨውን መድኃኒት አድርጋ ሞተች ብለህ? ነገ ገበያው ሁሉ ይስቅባታል።” ኮቴን አልለቀቀችም። “ባንተ ስትኮራ ነው የኖረችው። አንተ እውነትህን ተናግረህ ይቀልልህ፤ እሷን ግን ሞኝ አድርገህ ልትቀብራት ነው? ተቀመጥ፣ ልጄ።”

ሽማግሌው ምርቃታቸውን ገና አልጨረሱም ነበር። ተቀመጥኩ፤ ከሰውም ጋር አሜን አልኩ።